ሙቀቱ ሲበርድ እምነቱም አብሮ ይበርዳል? ስለ መንፈሳዊ ብስለትና ጽናት

መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ሲደርስ ደሴ በእንግዳ ትጥለቀለቃለች። ነጠላውን ያጣፋ፣ ልጁን ያዘለ፣ መቋሚያ የያዘ ምእመን ከየአገሩ ይመጣል። ወደ አምባሰል ያቀናል፣ አምባውን ይወጣል፣ ቆሞ ያድራል፣ አልቅሶ ይጸልያል። ሲመለስ ፊቱ ራሱ ሌላ ነው። ከዚያ ጥቅምት ይገባል። የቤት ኪራይ አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለ፣ የሥራ ቦታ ጭቅጭቅ አለ። ኅዳር ላይ ያንኑ ሰው «መንፈሳዊ ሕይወት እንዴት ነው?» ብትሉት «ኧረ ተወኝ፣ ቀዝቅዣለሁ» ይላችኋል።

ይህ አባባል በሁሉም ደጅ አለ። ኦርቶዶክሱ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ይለዋል። የወንጌላውያን አማኙ ኮንፈረንሱ ባለቀ በሁለተኛው ሳምንት ይለዋል። አብዛኛው ሰው «ቀዘቀዝኩ» ሲል እምነቴ እየሞተ ነው ማለቱ ነው። ብዙ ጊዜ ግን እንደዚያ አይደለም። መሞቅ፣ መብሰልና መጽናት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለሚምታቱ ነው ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ተስፋ የሚቆርጠው። ስለሞቀው ብቻ የበሰለ የሚመስለውም አለ። ያኛው እንዲያውም የባሰ ነው።

መብሰል ሲባል ምን ማለት ነው?

ስለዚህ ነገር በጣም ግልጽ አድርጎ የሚናገረው የዕብራውያን መልእክት ነው። የተጻፈላቸው ሰዎች ጀማሪዎች አልነበሩም። ምዕራፍ 10 ላይ እንደምናነበው ቀደም ሲል በአደባባይ ተሰድበዋል፣ ንብረታቸው ተዘርፏል፣ ይህንንም በደስታ ችለውታል። በኋላ ግን ደከሙ። አንዳንዶቹ ከጉባኤ መቅረት ጀመሩ። ጸሐፊው ምዕራፍ 5 ላይ ይወቅሳቸዋል። በቆያችሁበት ዘመን ልክ አስተማሪዎች መሆን ሲገባችሁ ዛሬም ወተት ትፈልጋላችሁ ይላቸዋል። ጠንካራ ምግብ የማን እንደሆነም ይነግራቸዋል። መልካሙንና ክፉውን መለየት በሥራ የለመዱ ሰዎች ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንይ። መለኪያው የእውቀት ብዛት አልተባለም። የስሜት ብርታትም አልተባለም። መለየት መቻል ነው፤ ያውም በልምምድ የመጣ።

ሰኞ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች እንበል። ሚዛኗ ባለ ሁለት ሳህን ነው። ገዢው ስልኩን እያየ ነው። አውራ ጣቷን ሳህኑ ጠርዝ ላይ ብታሳርፍ ማንም ልብ አይልም፤ ያልሞላው ኪሎ ሞልቶ ይታያል። ጠዋት የኪዳን ጸሎት አድርሳ የመጣች ልትሆን ትችላለች። የብስለት ጉዳይ ግን እዚህች ጣት ላይ ነው የሚለየው። መጀመሪያ ሰሞን እየታገለች ታነሳታለች። ዓመታት ሲያልፉ ጣቷ ወደዚያ መሄዱን ራሱ ይተዋል። ሐዋርያው በሥራ የለመደ ልቡና የሚለው እንዲህ ያለውን ነው። ማንም አያጨበጭብላትም። ደንበኛዋ እንኳ አያውቅላትም።

ስጦታ ያለው ሰው ሁሉ የበሰለ ነው?

አይደለም። ይህን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ዘንድሮ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ በኩል ነውና።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት መግቢያ ላይ አንድም ስጦታ እንዳልጎደለባቸው ይመሰክርላቸዋል። በልሳን ይናገራሉ፣ ትንቢት ይናገራሉ። ሁለት ምዕራፍ እልፍ ብሎ ግን ሕፃናት ይላቸዋል። ምክንያቱ? ቅናትና ክርክር። እኔ የጳውሎስ ነኝ፣ እኔ የአጵሎስ ነኝ እየተባባሉ ነበር።

ስለዚህ አንድ ሰባኪ ሲናገር ሕዝቡን ማስለቀሱ፣ አንድ ዘማሪ ድምፁ ማማሩ፣ አንድ ሰው ሕልሙ መድረሱ ስለ ብስለቱ የሚነግረን ነገር የለም። የገላትያ መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ የመንፈስ ፍሬ ተብለው የተዘረዘሩትን ማየት ይበቃል። ፍቅር፣ ደስታ፣ ሰላም፣ ትዕግሥት፣ ቸርነት፣ በጎነት፣ እምነት፣ የውሃት፣ ራስን መግዛት። ከእነዚህ አብዛኞቹ ከመድረክ ላይ አይታዩም። የሚያውቋቸው የቤት ሰዎች ናቸው። ሚስት ታውቃለች፣ የቤት ሠራተኛዋ ታውቃለች፣ ብድር የተከለከለው ጎረቤት ያውቃል።

የእኛ የኦርቶዶክስ አባቶች የመንፈሳዊ ሕይወትን ደረጃ እንዴት ይከፍሉታል?

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት ቦታ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ለዓመታት ከእርሳቸው እግር ሥር ተምረዋል ይላል የቤተ ክርስቲያኑ ትውፊት። ልብ በሉ፣ በአንድ ጉባኤ የሚያልቅ ነገር አልነበረም። ሥርዓቱ ተማሪው ከመምህሩ ጋር እየኖረ፣ እየታዘዘ፣ ውሃ እየቀዳ የሚያድግበት ነው።

በመጻሕፍተ መነኮሳት ትምህርት የመንፈሳዊ ሕይወት ጉዞ በሦስት ይከፈላል። ወጣኒ፣ ማለት ጀማሪ። ማዕከላዊ፣ መካከል ላይ የደረሰ። ፍጹም፣ የመጨረሻው። በሦስቱ ሥር ዐሥር መዓርጋት፣ ማለት ደረጃዎች አሉ። ትምህርቱ በዋናነት ለመነኮሳት የተዘጋጀ ቢሆንም ለእኛ የሚሆን ትልቅ ነገር ይዟል። ዐሥሩንም መዘርዘር እዚህ አያስፈልግም፤ ሁለቱን ብቻ እንይ።

አንደኛው ጣዕመ ዝማሬ ይባላል። ጸሎቱና ምስጋናው አፍ ላይ ማር ማር ሲል፣ ሌሊቱ ሳይታወቅ ሲነጋ ነው። ከግሸን መልስ የሚሰማን ለዚህ የሚቀርብ ነገር ይመስለኛል። የተመደበው ግን በጀማሪው ክፍል ነው! ሁለተኛው ፍቅር የሚባለው መዓርግ ነው። እርሱ በማዕከላዊው ክፍል ይገኛል። መምህራን ሲያብራሩት ኃጥእ ጻድቅ፣ አማኝ የማያምን ሳይሉ ሰውን ሁሉ አስተካክሎ መውደድ ይሉታል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን እዩት። ጣፋጩ ስሜት መነሻ ላይ ነው። ሰውን ሳይለዩ መውደድ ከእርሱ በላይ ነው። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ግቢ በሚኖርበት፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥም ሁለቱ በሚገኙበት በወሎ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ባለፉት ዓመታት ሁዳዴና ረመዳን ሲገጣጠሙ በአንድ ጓሮ ሁለት ጾም ይጾም ነበር። አንዷ ሽሮዋን ስትሠራ ሌላዋ የማፍጠሪያ ሾርባዋን ትጥዳለች። እሳት ይበዳደራሉ። ጎረቤቱን እንዲህ ሳያከብር የጸሎት ጣዕም ብቻ የሚያሳድድ ሰው ገና መጀመሪያው ላይ ነው ማለት ነው።

ሙቀቱ ለምን ይጠፋል?

ጌታችን በዘሪው ምሳሌ ይህን መልሶታል። በድንጋያማው መሬት ላይ የወደቀው ዘር ቃሉን ወዲያው በደስታ የሚቀበለው ሰው ነው። ደስታው ሐሰት አልተባለም። ችግሩ ሥር የለውም፤ መከራ ሲመጣ ይሰናከላል። በእሾህ መካከል የወደቀው ደግሞ ቀስ እያለ ነው የሚታነቀው። የዚህ ዓለም አሳብና የባለጠግነት ማታለል ናቸው የሚያንቁት። በመልካም መሬት ላይ የወደቀው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ላይ በመጽናት ፍሬ ያፈራል ተብሏል። ፈጥኖ በቅሎ ሳይሆን ጸንቶ።

ደሴ ከኮምቦልቻ ያላት ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታዋ ግን በ600 ሜትር ገደማ ይበልጣል። በመካከል የሐረጎ ዳገት አለ። ሐረጎን የሚወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ማርሹን የሚቀንሰው ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ሞተሩ ማቃሰት ከጀመረ በኋላ መሃል ዳገት ላይ የሚታገል ሾፌር ጭነቱ ወደ ኋላ ይስበዋል። ማርሹን አስቀድሞ የቀነሰው ቀስ ይላል፣ ጉም ሲወርድ ደግሞ ይበልጥ ቀስ ይላል፣ ግን እየወጣ ነው። አጠገቡ ያለው ተሳፋሪ «ቆመናል እንዴ?» ሊል ይችላል።

የጸሎት ሰዓት፣ የረቡዕና የዓርብ ጾም፣ ንባብ፣ ንስሐ፣ ቁርባን፣ ምጽዋት፣ የቤት ለቤት ኅብረት፣ እነዚህ ሁሉ ከዳገቱ በፊት የሚገቡ ማርሾች ናቸው። ስሜቱ እያለ ቀላል ናቸው። ሥራቸው የሚታየው ግን ስሜቱ ሲሄድ ነው። ደረቅ ሆኖበት፣ ምንም ሳይሰማው አቡነ ዘበሰማያት ብሎ የተኛ ሰው በዚያ ሌሊት ያደገ አይመስለውም። ዳዊት ራሱ «እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» ብሎ ጸልዮአል። ጸሎቱም ከመዝሙሩ አልወጣም፤ ዛሬም እንደግመዋለን።

አንድ ነገር ግን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንዳንዱ መቀዝቀዝ ምክንያት አለው። ሳንታረቅ የያዝነው ቂም፣ የምንደብቀው ኃጢአት፣ ወይም ገና ያላለቀ ሐዘን ሊሆን ይችላል። ለወራት እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ መኖር የሰለቸው ሰው ደግሞ የጤና ባለሙያም ማየት አለበት። ሐኪም ዘንድ መሄድ እምነት ማጣት አይደለም።

ጽናት ማለት ዝም ብሎ መቻል ነው?

ሰው ሁሉ «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ» ይላል። መልካም ምርቃት ነው። ግን መጽሐፈ ኢዮብን ገልጠን ስናነብ ዝም ያለ ሰው አናገኝም። ከምዕራፍ 3 ጀምሮ እስከ ምዕራፍ 31 ድረስ ከወዳጆቹ ጋር ይሟገታል፣ የተወለደበትን ቀን ይረግማል፣ እግዚአብሔርን «ለምን?» ይላል። ያም ሆኖ የያዕቆብ መልእክት በምዕራፍ 5 የጽናት ምሳሌ አድርጎ የጠራው እርሱን ነው። የጸናው ስላልተናገረ አይደለም። ሙግቱን ሁሉ ወደ እግዚአብሔር ይዞ ስለሄደ ነው። ፊቱን አላዞረም።

ሁለተኛው ስህተት ደግሞ መጽናት ማለት ካለንበት አለመነቃነቅ ነው የሚለው ነው። «እስከ መጨረሻ የሚጸና ግን እርሱ ይድናል» የሚለው ቃል በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ቁጥር 22 ላይ አለ። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር 23 ብዙ ሰው አያነብም። በአንዲቱ ከተማ መከራ ሲያሳዩአችሁ ወደ ሌላይቱ ሽሹ ይላል። ጽኑ ያለው ጌታ ነው በዚያው ንግግር ሽሹ ያለው።

ይህ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ከተሞቹ ውስጥ ሲገባ ስንቱ ቤተሰብ በእግሩ ወጣ። ከዚያ በፊት ደሴ ራሷ ከሰሜን የመጡ ተፈናቃዮችን በየትምህርት ቤቱና በየቤቱ ተቀብላ ነበር። አንዳንዱ አረጋዊ ወላጁን ትቶ መሄድ ስላልቻለ ቀረ። ኅዳር መጨረሻ አካባቢ ከተሞቹ ወደ መንግሥት እጅ ሲመለሱ የሄደውም ተመለሰ። እስከ ዛሬ «ታቦቱን ጥዬ ሸሸሁ» እያለ ራሱን የሚከስ አለ። ልጆቹን ይዞ የወጣ ሰው እምነቱን አልተወም። የቀረውም በመቅረቱ ብቻ ከእርሱ አይበልጥም።

በቤት ውስጥ ለሚደበደቡ ሴቶችም ይኸው ነው። «ቻይው፣ መስቀልሽ ነው» የሚል ምክር ብዙ ቤት ይሰማል። ቅዱስ ጳውሎስ ወታደሮቹ ሊገርፉት ሲያስሩት የሮም ዜግነቱን ጠርቶ አስቁሟቸዋል፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 22 ላይ አለ። ከዱላ መውጣት፣ ለሕግ ማመልከት፣ ለሽማግሌና ለካህን ማሳወቅ ከጽናት ጋር አይጋጭም። በዚህ ነገር ሁለት ሐሳብ የለኝም።

ታዲያ መጽናት ምንድን ነው ብንል፣ የትም ብንሄድ፣ ምንም ቢሰማን፣ ከክርስቶስ ጋር ያለንን ነገር አለማቋረጥ ነው።

ወድቆ የተመለሰ ሰውስ?

ይህን ጥያቄ በሁለት ሰዎች ታሪክ ማየት ይሻላል። ማርቆስና ዴማስ።

ማርቆስ ወጣት ሳለ ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ለአገልግሎት ወጣ። ጵንፍልያ ሲደርሱ ትቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። ለምን እንደተመለሰ አልተጻፈም። ጳውሎስ ግን ነገሩን አልረሳም። ለሁለተኛው ጉዞ በርናባስ «ማርቆስን እንውሰደው» ሲል ጳውሎስ እምቢ አለ። ነገሩ በጣም ከረረና ሁለቱ ሐዋርያት ተለያዩ። በርናባስ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ ሄደ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ይህን ሳይደብቅ ጽፎታል።

ዴማስ ደግሞ የተከበረ አገልጋይ ነበር። ለፊልሞና በተጻፈችው አጭር መልእክት መጨረሻ ላይ ጳውሎስ አብረውኝ የሚሠሩ እያለ ስም ሲጠራ ማርቆስም ዴማስም በአንድ መስመር ይገኛሉ። በዚያን ቀን ሁለቱን ያየ ሰው የትኛው እንደሚጸና ሊናገር አይችልም ነበር። ከማርቆስ ታሪክ አንጻር እንዲያውም በዴማስ ላይ ይወራረድ ነበር።

ወደ ጢሞቴዎስ የተላከው ሁለተኛው መልእክት ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ ሞቱን እየጠበቀ የጻፈው ነው። ምዕራፍ 4 ቁጥር 10 ላይ ዴማስ የአሁኑን ዓለም ወድዶ ጥሎት እንደሄደ ይናገራል። በሚቀጥለው ቁጥር ማርቆስን ይዘኸው ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል ይላል። ያ ጉዞ አቋርጦ የተመለሰው ልጅ! ትውፊት ሁለተኛውን ወንጌል የጻፈው እርሱ ነው ይላል።

በመካከል ምን ሆነ? መጽሐፍ ቅዱስ ዝርዝሩን አይነግረንም። የምናውቀው አንድ ሰው፣ በርናባስ፣ እንዳልጣለው ነው። ለእርሱ ሲል ከጳውሎስ ጋር ተለያይቷል። ስለ ጽናት ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናየው የሚጸናውን ሰው ብቻ ነው። አጠገቡ ያለው ሰው ይረሳል። ከሰንበት ትምህርት ቤት የቀረ ልጅ ሲያጋጥመን ፒያሳ ላይ ፊታችንን አዙረን እናልፋለን ወይስ «አብሽር፣ ና ቡና እንጠጣ» እንላለን? ልዩነቱ ትልቅ ነው።

እስከ መጨረሻ ያልጸና ሰው መዳኑን ያጣል?

በዚህ ላይ አብያተ ክርስቲያናት አይስማሙም። የካልቪንን ትምህርት የሚከተሉ ወገኖች በእውነት ያመነውን እግዚአብሔር ራሱ እስከ መጨረሻ ይጠብቀዋል፣ ጨርሶ የካደ ሰው ከመጀመሪያውም አላመነም ይላሉ። ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክና ሉተራን፣ እንዲሁም ብዙ የጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያኖች ሰው ከያዘው ጸጋ ሊወድቅ ይችላል ብለው ያስተምራሉ። ሁለቱም ወገን ግን ማስጠንቀቂያው የምር ነው ይላል። ለተመለሰ ሰው በሩ ክፍት መሆኑንም ሁለቱም ይናገራሉ።

ጊዜ የሌለው ሰው ከየት ይጀምር?

ኮምቦልቻ ውስጥ ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ እናትን እናስብ። ማታ ገብታ ጠዋት ትወጣለች። የማሽኑ ጩኸት ጆሮዋ ላይ አድሮ፣ የጥጡ ብናኝ ሻሿ ላይ ተጣብቆ ሰርቪስ ትሳፈራለች። ቤት ስትደርስ ልጆቹ ለትምህርት ቤት መውጣት አለባቸው። ኪዳን አልፏታል። ቅዳሜና እሁድም አንዳንዴ ሥራ ናቸው። እንዲህ ያለችው ሴት ነች አብዛኛውን ጊዜ «እኔማ ቀርቻለሁ» የምትለው።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው። ከእነርሱ አንዱ መንፈቀ ሌሊት ነው። ሌላው ሰው ተኝቶ ሲያልፈው እርሷ ነቅታ ትገኛለች። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው፤ የዕለቱን ብቻ ማድረስ ረጅም ጊዜ አይወስድም። በእረፍት ደቂቃዋ ወይም ሰርቪስ ውስጥ ልታደርሰው ትችላለች። ያም ካልሆነ በልቧ «አቤቱ ማረኝ» ትበል። ገዳም ገብቶ ከሚጸልየው ጋር ራሷን ማወዳደር የለባትም፤ የተሰጣት ሸክም ሌላ ነው።

ላቋረጠ ሰው የሚመከረው ያቋረጠውን ሁሉ በአንድ ቀን ለመመለስ አለመሞከር ነው። ስእለት አብዝቶ፣ ስግደት ቆጥሮ፣ «ከነገ ጀምሮ እንዲህ እሆናለሁ» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ በሳምንቱ ይደክመዋል። አንዷን መያዝ ይሻላል፤ የማታ ጸሎት፣ ወይም የዓርብ ጾም፣ ወይም ከተኳረፉት ሰው ጋር መታረቅ። የመጨረሻው እንዲያውም ከሁሉ ይከብዳልና ቀድሞ ቢጀመር ጥሩ ነው።

ለብቻ መጽናት ደግሞ በጣም አስቸጋሪ ነው። የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊ ጉባኤውን አትተዉ፣ እርስ በርሳችሁ ተመካከሩ ያለው ለዚህ ነው። በኦርቶዶክሱ ዘንድ ንስሐ አባት አለ፤ ቤታችንን የሚያውቁ፣ አመላችንን የሚያውቁ፣ እንደ አቅማችን የሚያዙን አባት። የጽዋ ማኅበርም አለ። በወንጌላውያኑ ዘንድ የቤት ለቤት ኅብረትና የደቀ መዝሙርነት ትምህርት ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። ንስሐ አባት የሌለው፣ ወይም ንስሐ አባቱ ያረፉበት ሰው፣ በሚቀርበው ደብር ካሉት ካህናት አንዱን ከቅዳሴ በኋላ ጠጋ ብሎ «አባቴ፣ ንስሐ አባት ይሁኑኝ» ማለት ይችላል። ለዚህ የሚያፍር ብዙ ሰው አለ። ለካህናቱ ግን ከዓመታት በኋላ የተመለሰ ሰው ማነጋገር አዲስ ነገር አይደለም።